ሁለት ክፍል ወደ ታች

ምራቴ እንዴት ናት አልሽኝ? ደህና ናት። ጤናዋ ሙሉ ነው፣ ፊቷ ያበራል፣ ከውጭ ከመጣች ወዲህ እንዲያውም ትንሽ ወፈር ብላለች… ያምርባታል። ስለ እሷ ክፉ የሚናገር አፍ የለኝም፤ ቢኖረኝም ዛሬ ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። አንቺስ እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ወገብሽን ተሻለሽ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ማለት እኮ ቀላል አይደለም። ካውያሽን አንሺው እንጂ፣ ጨርቁ ላይ ረሳሽው… እንዲያ።

እኔን ያመጣችኝ ይቺ ጉርድ ቀሚስ ናት። የልጅ ልጄ ዩኒፎርም። ከታች የታጠፈውን ፍቺና አውርጂልኝ፤ ልጅቷ ተመዘዘች፣ ጉልበቷ ወጥቷል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው ወይ ትዝ ያለሽ ትዪኝ ይሆናል። እነግርሻለሁ፣ አትቸኩዪ። ውስጥ ሰው አለ መሰለኝ፣ መጋረጃው ተዘግቷል… ደንበኛ ናት? ትለካ፣ ትለካ፣ ግድ የለም። እኔ እዚህች በርጩማ ላይ አረፍ እላለሁ። ጫማዋ ደስ ይላል፤ ከመጋረጃው ሥር ይታያል እኮ። ወይን ጠጅ፣ ተረከዙ ቀጭን። እንዲህ ያለ ጫማ ትናንት ማታ ሳሎኔ ምንጣፍ ላይ አይቼ ነበር… መቼም ፋብሪካ አንድ ብቻ አይሠራም።

ውይ፣ ትናንት ማታ! ልንገርሽ። ግን አስቀድሜ ልማልልሽ፤ ስለ ምራቴ አንዲት ቃል አይወጣኝም። የምነግርሽ እራት ስለጠራኋት አንዲት እንግዳ ነው። እንግዳዋ ከምራቴ ጋር በአንድ መኪና መጣች፣ በአንድ ወንበር ተቀመጠች፣ በአንድ ሹካ በላች፣ በአንድ ጫማ ሄደች። ምራቴ ግን አይደለችም። ከምራቴ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል? በፍጹም። ምን ያስቅሻል? መርፌ በከንፈርሽ ይዘሽ አትሳቂ፣ ትውጪዋለሽ።

እንግዳዋ የተማረች ናት። ይሄን በደንብ ያዢልኝ፤ እሷም ሰው እንዲይዝላት ትወዳለች። ሾርባው ሳይቀዳ ነገረችን፣ ሾርባው ላይ ነገረችን፣ ሾርባው ካለቀ በኋላም ያልሰማ እንዳይኖር ደገመችልን። እኔ ደግሞ የተማረ ሰው እወዳለሁ። አፌን ከፍቼ ነው የማዳምጠው። አንዳንዴ ሳልዘጋው ይመሻል።

ገበታው ላይ የነበርነው እኔ፣ ጎማ ነጋዴው ወንድሜ፣ እንግዳዋ፣ ጎረምሳ ልጇ፣ እና የልጅ ልጄ ነን። የልጅ ልጄን ታውቂያታለሽ፤ የሟቿ ልጄ ልጅ። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ላይ ናት፣ የማጠናቀቂያው ፈተና ደርሶባታል። ውጭ ያለው ልጄ፣ አጎቷ ማለት ነው፣ «ትጨርስና እኔ ጋ ትምጣ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች» ካላት ቆይቷል። ልጅቷ በዚያች ቃል ነው የምትተነፍሰው። ሌሊት ስትገላበጥ እንኳ ቀመር ነው የምታነበንበው፤ እኔ አጠገቧ ተኝቼ ግማሹን ሸምድጄዋለሁ። ትርጉሙን እንዳትጠይቂኝ።

ነገር የጀመርኩት እኔ ነኝ። በፍቅር ነው ታዲያ። ጎረምሳውን፣ አንድ ነገር ለማለት ያህል፣ «ስንተኛ ክፍል ደረስክ የኔ ጌታ?» አልኩት። ቁመቱ የቤቴን በር መቃን ይነካል፣ ጢሙ አጎንቁሏል፣ ድምፁ ከወንድሜ ይወፍራል። እሱም በሚንገዳገድ አፉ «ሁለተኛ» አለኝ።

ሁለተኛ! አስቢው እስቲ። እኔ ራሴ ከትምህርት ቤት የወጣሁት ከሁለተኛ ክፍል ነው፤ አባቴ እቤት ሥራ አለ ብሎ አስቀረኝ። ክፍሉን አውቀዋለሁ። ጢም ያለው ሰው አልነበረበትም።

አንጀቴን በላው። ራሱን ዳበስኩት። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አንዳንድ ሰው ዘግይቶ ነው የሚበራለት። ስምህን መጻፍ ትችላለህ አይደል?» አልኩት። ከድስቱ ውስጥ ትልቁን ሥጋ መርጬ ሳህኑ ላይ አደረግኩለት፤ ለጭንቅላት ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ልጁ ደግ ነው፣ በላ። ወንድሜ መሐረቡን አፉ ላይ ጎስጉሶ ሳል ያዘው። የልጅ ልጄ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እንግዳዋ ግን… ሹካዋን አስቀመጠች። ስታስቀምጠው ድምፅ ነበረው።

«እማማ» አለችኝ፤ ስትናደድ ትህትናዋ ይጨምራል፣ ይሄም ከትምህርት ነው። «እማማ፣ እኛ አገር ክፍል የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ነው። ከስድስተኛ ይጀምሩና አምስተኛ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ይሄዳሉ። ሁለተኛ ማለት ትልቅ ክፍል ነው። አንደኛን ሲጨርሱ የመጨረሻው ክፍል ቁጥር የለውም።»

«እኛ አገር» ያለችውን ሰማሽልኝ? ከዚህ ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ የተወለደች ሰው ናት። እትብቷን የቀበሩበትን ቦታ ባሳይሽ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ግን ሰው አገሩን የመምረጥ መብት አለው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ።

«ታዲያ ቁጥሩ ሲያልቅባቸው ምን ያደርጋሉ?» አልኳት።

«ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ።»

እንዴት ያለ ዘዴ ነው! ሰው እየተማረ በሄደ መጠን እያነሰ፣ እያነሰ ይመጣል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። እንግዳዋን ፊት ለፊት እያየሁ ግን እንዴት እክዳለሁ?

እንግዲህ ያቺ «ስምህን መጻፍ ትችላለህ ወይ» ያልኳት ነገር ሳትቆረቁራት አልቀረችም። ስልኳን አወጣች። ስልኩ ላይ አገሮች በሙሉ እንደ እግር ኳስ ቡድን ተደርድረዋል፤ የማን ልጅ ሒሳብ ያውቃል፣ የማን ልጅ ማንበብ ይችላል፣ ማን ከማን ይበልጣል። የእሷን ከላይ አሳየችን። ከዚያ የእኛን ልታሳየን በጣቷ ስክሪኑን ወደ ላይ ገፋች… ገፋች… ገፋች። ሾርባዬ ቀዘቀዘ። የጥፍሯ ቀለም የሚለቅ መስሎኝ ሰጋሁላት። «አያችሁ?» አለችን። እኔ መነጽሬን አላደረግኩም ነበር፣ ግን እንግዳ እንዳይከፋት፤ «አየን፣ አየን» አልኳት።

ደግሞ እውነቷን ነው እኮ። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ እንደ ክብሪት እንጨት ታጭቀው ነው የሚማሩት። የልጅ ልጄ ኬሚስትሪ ስትማር ጠርሙሱን ያየችው በሥዕል ነው። አስተማሪው ሲታመም የሚተካው የለም፣ ጥቁር ሰሌዳው ተልጦ ግማሹ ብቻ ነው የሚጻፍበት። «እዚህ ሽምደዳ ነው፣ እኛ ጋ ግን ማሰብ ነው የሚያስተምሩት» አለች። ይሁን። አልተከራከርኳትም። እውነት ስትናገር ታምራለች፤ አዘውትራ ብትናገር ደግሞ እንዴት ባማረባት።

ወንድሜ ግን ሰው ሲያርፍ ማየት አይወድም። የእሱ ልጅ የሚማረው ሌላ አገር ነው፤ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል። ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «የኔ ልጅ ያለበት አገር ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚገባው። ከእናንተ አገር የመጡ ልጆች ወደዚያ ሲሄዱ ሁለት ክፍል ዝቅ ብለው ነው የሚጀምሩት ይላል» አላት።

እንግዳዋ ሳቀች። «እነሱማ ልጅነት የላቸውም! ልጆቻቸውን እኮ ነው የሚያሳብዱት። ያ ትምህርት አይደለም፣ ጭንቀት ነው።»

ገባሽ? ከእሷ በታች ያለው ሰነፍ፣ ከእሷ በላይ ያለው እብድ። ልክ የሆነው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሷ የቆመችበት። እኔም ሐሳብ ገባኝ። እኛ ከእነሱ ካነስን፣ እነሱ ከእነዚያ በሁለት ክፍል ካነሱ፣ ከእነዚያም በላይ ደግሞ ሌላ አገር አይጠፋም። እንዲህ እየተባለ ሲወረድ የዓለም ሕዝብ ተያይዞ ሕፃናት ማቆያ ሊገባ ነው። ማን ሊያጫውተን ነው ታዲያ? ሁሉም ሕፃን ሆኖ ሲተኛ የሚጠብቅ ማን ሊቀር ነው?

ይሄን ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሮ የልጅ ልጄ ሳቀች። ምነው ባልሳቀች።

እንግዳዋ ዞር አለችና አየቻት። ከራስ ፀጉሯ እስከ ሳህኗ። «እስቲ አንቺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። ስለ ባቡር ነው የጠየቀቻት። አንዱ ከዚህ ይነሳል፣ አንዱ ከዚያ ይነሳል፣ የት ላይ ይገናኛሉ… እኔ እንኳ የት ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቀለች፣ ዳቦዋን ሳትጨርስ መልሱን ነገረቻት።

«መልሱ ልክ ነው» አለች እንግዳዋ። ቅር ብሏት ነው ያለችው፤ መቼም አለች። «ግን እኛ አገር የምናየው መልሱን አይደለም፤ የደረስሽበትን መንገድ ነው። በይ አስረጂኝ። በእኛ ቋንቋ።»

በእኛ ቋንቋ… የትኛው እንደሆነ አትጠይቂኝ። ልጅቷ ጀመረች። ቋንቋውን ታውቀዋለች፣ በመጽሐፍ። ግን መጽሐፍ ሰው እያየው አይናገርም። አንድ ቃል ጠፋባት፣ ሁለተኛው ተያያዘባት፣ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ከተተቻቸው። ጎረምሳው በሹክሹክታ ቃሉን ሊነግራት ፈለገ፣ እናቱ በዓይኗ ቆረጠችው። መረዳዳት አትወድም፤ ሰው በራሱ ጥረት ማለፍ አለበት ባይ ናት። ይሄን አደነቅኩላት። ከማን እንደተማረችው እንጃ።

ከዚያ አፏን በናፕኪን ጠረገች፣ በቀስታ፣ ከዳር እስከ ዳር። «አዝናለሁ የኔ ቆንጆ። ስትመጪ ሁለት ክፍል ወደ ታች ነው የምትገቢው። ይሄን ፈተና ደግሞ ባትደክሚበት ይሻላል። እዚያ ዋጋ የለውም።»

አየሽ አነጋገር? «የኔ ቆንጆ» አለቻት እኮ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ነበር የሚገድላት።

እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። «ይቅርታ እንግዲህ» አልኳት፤ «እናንተ ጋ ክፍል ቁልቁል ከሆነ የሚቆጠረው፣ ሁለት ክፍል ወደ ታች ማለት ወደ ላይ አይደለም እንዴ?» ወንድሜ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ልጅቷ ግን በዚህኛው አልሳቀችም። ተነሳችና ሳህን መሰብሰብ ጀመረች።

እንግዶቼ ከሄዱ በኋላ ከውስጥ የፕላስተር ድምፅ ሰማሁ። ጭርርር… ጭርርር… ገባሁ። መጻሕፍቷን በሙሉ በሳሙና ካርቶን ከታ እያሸገች ነው። ዩኒፎርሟ ወንበር ጀርባ ላይ ተጥሏል። «እማማ፣ አልፈተንም» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። «ለማይረባ ነገር ምን አስለፋኝ? ከሕፃናት ጋር ሄጄ እቀመጣለሁ፣ ካልሆነም እቀራለሁ።» የፈተናው ምዝገባ ደግሞ ዛሬ ነው የሚዘጋው፣ ዛሬ እኩለ ቀን። አልፏት ቢሆን ያ ሁሉ ዓመት ተምራ አንዲት ወረቀት በእጇ ሳትይዝ መቅረቷ ነበር። እዚህም የለች፣ እዚያም የለች። የሰው ፊት ስታይ ልትኖር።

ምን ልበላት? እኔ ምን አውቃለሁ? የተማረ ሰው የዓለምን ደረጃ በስልክ አሳይቶ የነገራትን፣ እኔ ከሁለተኛ ክፍል የወጣሁት ልሽረው? ብርድ ልብስ አለበስኳትና ተኛሁ።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ እንዴ? ነፋስ ነው። ያቺ ደንበኛሽ አሁንም አልጨረሰችም? ቀሚሱ ጠቧት ይሆናል… አንዳንድ ሰው እራት ጥሩ ሲበላ እንዲህ ይሆናል። አትቸኩዪ በያት። እኔም አልቸኮልኩም።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ውጭ ላለው ልጄ ደወልኩለት። እሱ ደግ ነው፣ በማንኛውም ሰዓት ያነሳል። «ልጅቷ ሁለት ክፍል ወደ ታች ነው ወይ የምትገባው?» አልኩት። «ማነው ያለው?» አለኝ። «ትምህርት ቤቱ ገና ወረቀቷን አላየም። እኔ ራሴ ሄጄ ጠይቄያለሁ እማዬ፤ የማጠናቀቂያ ፈተናዋን ውጤት ይዛ ስትመጣ በእሱ ነው የሚወስኑት። ጥሩ ካመጣች ከነጭራሹ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትገባው። ፈተናውን እንዳታመልጥ ብቻ!» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ «ግን ማነው እንዲህ ያላት?» አለኝ።

አልነገርኩትም። ለምን እነግረዋለሁ? ትዳር መበጥበጥ ነውር ነው። «አንዲት እንግዳ ናት፣ ተሳስታ ነው፣ እርሳው» አልኩት። ተሳስታ ነው ደግሞ። አንዳንድ ሰው ቤቱ ሌላ ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ሒሳብ ይሳሳታል። በሰለጠነ አገርም ያለ ነገር ነው።

ልጅቷን ቀሰቀስኳት፤ ግድግዳውን ዞራ ተኛች። አጎትሽ እንዲህ አለ ብላት «ሊያጽናናኝ ነው» አለች። አልለመንኳትም። ሻርፔን ለበስኩ፣ ያቺን የሳሙና ካርቶን ትከሻዬ ላይ አወጣኋት… ክብደቷ! እውቀት ይከብዳል ሲሉ ውሸት መስሎኝ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። «እማማ፣ የት ልትወስጃቸው ነው?» ብላ በመስኮት ጮኸች። «ልመዘገብ» አልኳት። «አንቺ ከተውሽው ቦታው ባዶ አይቀር።»

መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ሳሙና የምሸጥ መስሎታል። ዘበኛው ልርዳሽ አለኝ፣ እምቢ አልኩት። ከመዝጋቢው መስኮት ፊት ልጆቹ ተሰልፈዋል፤ ገብቼ ከኋላቸው ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «ለማን ነው የመጡት እናቴ?»

«ለራሴ። ለፈተናው መዝግበኝ።»

«ስንተኛ ክፍል ነዎት?»

«ሁለተኛ» አልኩት። «ዝቅ አድርገህ እንዳታየኝ፤ ቁልቁል በሚቆጠርበት አገር ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ደርሻለሁ።»

ሰልፉ በሳቅ አለቀ። ጸሐፊው ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ከኋላዬ ደግሞ አንድ የማውቀው ሳቅ ሰማሁ… ዞር ስል የልጅ ልጄ ናት። ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ዩኒፎርሟን በጥድፊያ አጥልቃዋለች፣ ሁለት እግሯ ሁለት ዓይነት ካልሲ ለብሷል። ፊቷን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፣ በጣቶቿ መካከል ግን እንባዋ ይወርዳል። «በይ እማማ፣ አታዋርጂኝ፣ ውጪልኝ» አለችና ገፍታኝ መስኮቱ ላይ ቆመች። ስሟን ተናገረች። ጮክ ብላ። እኔ ካርቶኗ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

ስትጨርስ ጸሐፊው «ፈተናው በትልቁ አዳራሽ ነው፣ በዩኒፎርም» አለን። ያን ጊዜ ነው ጉልበቷን ያየሁት። የጓደኛዋን የስፖርት ሱሪ አስለብሼ ክፍሏ አስገባኋትና ቀሚሷን ይዤልሽ መጣሁ። ትፈተናለች። ውጤቷን ይዛ አጎቷ ጋ ትሄዳለች፣ እሱ ካልሆነም እዚሁ ትማራለች። ወደ ታች ግን አትወርድም።

ትልቁን አዳራሽ ታውቂዋለሽ? እኔ በሩን አውቀዋለሁ። ልጄ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይቺኑ ፈተና የተፈተነችው እዚያ ነው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃት ነበር። ከጎኗ አንዲት ጓደኛዋ ተቀምጣለች። ቆንጆ ልጅ። አንገቷማ… አቤት አንገት! መለሎ፣ እንደ ልብ የሚዞር። ያንን ክፍል ከመውደዷ የተነሳ ሁለት ዓመት ተቀምጣበታለች፤ ሌላው ሰው ፍቅር አያውቅም፣ በአንድ ዓመት ጥሎት ይሄዳል። ከፈተናው ስንመለስ ልጄ አቀርቅራ ነው የምትሄደው። «ከበደሽ ወይ?» አልኳት። «አይ እማዬ» አለችኝ፤ «የዚያች ጓደኛዬ እጅ ሲንቀጠቀጥ አላስችል አለኝ። ወረቀቴን ትንሽ ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት። ዘንድሮም ከወደቀች አባቷ ያስቀራታል።»

አልተቆጣኋትም። አባት ሲያስቀር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱ እንደ መንታ ሆኑ። ያገኙትም አንድ፣ የሳቱትም አንድ። አስተማሪያቸው «ስህተት እንኳ የማይለያቸው ጓደኛሞች» ብሎ ሳቀ። ልጄ እዚሁ ቀረች፣ በዚያው ትምህርት ቤት አስተማረች፣ ያንን የተላጠ ሰሌዳ ስትጽፍበት ኖረች። ጓደኛዋን ውጤቷ አውሮፕላን አሳፈራት። እዚያም አንድ ጥሩ ባል አገኘች፤ ባሏን አውቀዋለሁ፣ ደግ ልጅ ነው… ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

መንገዱን ነው የምናየው አለች አይደል እንግዳዋ? እሰይ ያን ጊዜ መንገዱን አለማየታቸው! ቢያዩት ኖሮ በልጄ ወረቀት ላይ ነበር የሚያልፈው። እና የዚያች ወረቀቷን የገፋችላት የልጄ ልጅ ናት ትናንት ማታ፣ በእኔ ገበታ ላይ፣ የእኔን ዳቦ እየቆረሱ፣ ሁለት ክፍል ወደ ታች የተባለችው።

ይሄን ሁሉ ዓመት ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ምራቴ እንኳ እንደማውቅ አታውቅም። አሁን ድምፄ ከፍ ብሎ ይሆን እንዴ? እርጅና ነው የኔ ልጅ፤ ጆሮ ሲደክም አፍ ይጮሃል።

ጨረስሽው? አሳዪኝ… እሰይ፣ ጉልበቷን ይሸፍናል። እጅሽ ይባረክ። እንግዲህ ልሂድ፤ ልጅቷ በሰው ሱሪ ነው ያለችው።

ውስጥ ላለችው ደንበኛሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ግን የወንድ ልጅ እናት ትመስለኛለች። ልብሱ ይመርባት። በሰላም አገሯ ትግባ። ልጇንም ፈጣሪ ያሳድግላት፣ ለትልቅ ቦታ ያብቃላት። ቁጥሩ ተቆጥሮ አልቆ የመጨረሻው ፈተና ላይ ሲቀመጥ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥበት፣ ለእናቱ የሰጣትን ሰው ለእሱም አይንፈገው፤ ከጎኑ እንደ ልጄ ያለች ያስቀምጥለት፣ ወረቀቷን ገፋ አድርጋ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም የምትል። አሜን በዪ… ኧረ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ውስጥ ድረስ አይሰማም።